ብረት ከመቆረጡ በፊት ልኩን ማን ያረጋግጥ? ጥያቄና መልስ

ብዙ ዓመት የብረት ሥራ ሾፕ ድሮዊንግ (ብረቱ የሚቆረጥበትና የሚገጣጠምበት ዝርዝር ንድፍ) ሳወጣና ሳይት ላይ ሳስተክል ቆይቻለሁ። የላካችኋቸውን ጥያቄዎች በተራ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ድሮዊንጉ ላይ «ልኩ ሳይት ላይ ይረጋገጥ» ይላል። ማን ነው የሚያረጋግጠው?

መልስ፦ ጣጣው ያለው እዚችው ዓረፍተ ነገር ላይ ነው፤ ባለቤት የላትም። መጀመሪያ ውሉን እዩ። ውሉ ዝም ካለ፣ ሥራ ሳይጀመር በደብዳቤ ጠይቁ። እንደኔ እንደኔ፣ አንከር ቦልቱን (ምሰሶውን ከመሠረቱ ጋር የሚያስረውን፣ አርማታ ውስጥ የሚቀበረውን ቡሎን) የቀበረው ወገን ለክቶ ያስረክብ። የአሜሪካው የብረት ግንባታ ደንብ፣ ኤአይኤስሲ 303፣ አንከር ቦልት የመትከሉን ኃላፊነት የሚጥለው በብረት ሠሪው ላይ ሳይሆን በአሠሪው በኩል ባለው የግንባታ ተወካይ ላይ ነው። ብረት ሠሪውም ቢሆን ልኩን በጽሑፍ ሳይቀበል መቁረጥ የለበትም።

ጥያቄ፦ ኮንሰልታንቱ ሾፕ ድሮዊንጉን ካጸደቀው፣ ስህተቱ የእሱ አይሆንም?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ አይሆንም። ያጸደቀው ሥራው ዲዛይኑን መከተሉን ነው። ሳይት ወርዶ አልለካም። እኔ ራሴ በዚህ ተጎድቻለሁ። ማኅተሙን አይቼ አስቆረጥኩ። ኮለኖቹ (የብረት ምሰሶዎቹ) ሲመጡ የአንዱ መሠረት ቦልቶች 35 ሚሊ ሜትር ሸሽተው አገኘናቸው። ተለክተው ነበር፣ ግን አርማታው ከመሞላቱ በፊት። በሙሌት ጊዜ ቦልት ይገፋል። ስለዚህ የሚቆጠረው ከሙሌት በኋላ የተለካው ነው። የኮለኑ እግር ላይ ያለው ቀዳዳ ከቦልቱ የሚሰፋው በትንሹ ነው። 35 ሚሊ ሜትርን ምን ይሸከመዋል?

ጥያቄ፦ ፎርማን ነኝ። በሜትር ለክቼ ብሰጥ ይበቃል?

መልስ፦ ለደረጃ መደገፊያ ይበቃል። ለዋናው ፍሬም ግን ሰርቬየር በቶታል ስቴሽን (ርቀትንና ማዕዘንን በሚለካ የቅየሳ መሣሪያ) ይለካ። ሜትር ብቻ ካለህ ከአንድ መነሻ ለካ እንጂ ከኮለን ወደ ኮለን እየቀጠልክ አትደምር። በየክፍተቱ 3 ሚሊ ሜትር ብትስት፣ በ10 ክፍተት 30 ይሆንብሃል። ማዕዘኑን በሰያፍ ፈትሽ፦ 6 በ8 ሜትር ከሆነ ሰያፉ ልክ 10 ነው። ሙቀቱንም መዝግብ። 30 ሜትር ብረት በ20 ዲግሪ ልዩነት 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል።

ጥያቄ፦ ነባር ሕንፃ ላይ ስንቀጥልስ?

መልስ፦ የድሮውን ፕላን አትመኑ። ልስኑን ቀርፋችሁ ለኩ። ልኬቱ በውሉ ላይ ራሱን የቻለ ሥራ ሆኖ ዋጋ ይያዝለት። ዋጋ ያልተያዘለትን ልኬት ሁሉም ወደ ሌላው ይገፋዋል።

ጥያቄ፦ ልዩነት ካገኘሁ ምን ላድርግ?

መልስ፦ የዚያን ብረት ቆረጣ አቁም። በዚያው ዕለት ልኩን፣ ንድፉንና ፎቶውን አያይዘህ ለኢንጂነሩ ጻፍ። በስልክ የተባለ ነገር በኋላ ይካዳል። ቀዳዳውን ግን በጋዝ አታስፋ፤ ቦልቱንም አታጥፈው። መፍትሔውን የሚሰጠው ዲዛይነሩ ነው፣ እሱም በጽሑፍ።