ፊልምህን ሳይቆርጥ የሚያጥብልህ ሰው መጀመሪያ ፈልግ

ወንድሜ፣ «4×5 ካሜራ (4 በ5 ኢንች ፊልም የሚወስድ ትልቅ ካሜራ) አለኝ፤ መስከረም ላይ ሰሜን ተራሮችን በፓኖራማ ላነሳ አስቤያለሁ፤ ከጀርባው የሚገጠም የ6×17 (6 በ17 ሴንቲ ሜትር) ፊልም መያዣ ልግዛ ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። በዚያው መንገድ ስላለፍኩ የማውቀውን ልንገርህ።

1. የሌንስህ የትኩረት ርዝመት 90 ሚሊ ሜትር ከሆነ ግዛ። ከ180 በላይ ከሆነ ግን ገንዘብህን አታውጣ። የ6×17 ፎቶ ወርዱ ወደ 17 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የካሜራህ የጀርባ ክፍተት 13 እንኳን አይሞላም። ስለዚህ ፊልሙ ወደ ኋላ ርቆ ይቀመጣል። ሌንሱ ሲረዝም የካሜራው ጀርባ ራሱ ብርሃኑን ከግራና ከቀኝ ይጋርደዋል።

2. ለመያዣው ገንዘብ ካጠረህ አሮጌ ዳርክ ስላይድ (የ4×5 ፊልሙን ከብርሃን የሚሸፍነውን ስስ ክዳን) ፈልግና በቁመቱ ለሁለት ሰንጥቀው። በአንድ ፊልም ላይ ላይኛውንና ታችኛውን ግማሽ ለየብቻ ታነሳበታለህ። ሌንሱን ከምታነሳበት ግማሽ ጋር ማስተካከል አትርሳ።

3. ፊልሙን ወደ ጭነት ሻንጣ አታስገባ። በእጅህ ያዘውና ኤክስሬዩ እንዳይጎዳው በእጅ ይፈተሽልኝ በል። ግን የእኔን ፊልም የጎዳው አየር ማረፊያ አይደለም፤ አጣቢ ቤት ነው።

ክረምቱ ወጥቶ አየሩ ጥርት ባለበት ሰሞን ሰሜን ተራሮች ውስጥ ባለው እሜት ጎጎ በሚባለው ከፍታ ላይ ንጋት ጠብቄ ነበር ያነሳሁት። አንድ ጥቅልል 4 ፎቶ ብቻ ስለሚይዝ እያንዳንዷን አስቤባታለሁ። አሜሪካ ስመለስ ጎበዝ ናቸው ለተባሉ ፊልም አጣቢዎች ሰጠሁ። ፖስታው ላይ በትልቁ «አይቆረጥ» ብዬ ጽፌያለሁ። ሲመልሱልኝ ኔጌቲቩ እንደ ተለመደው ፊልም ተቆራርጦ ፕላስቲክ ውስጥ ገብቷል። ገደሉ አንዱ ቁራጭ ላይ፣ ሰማዩ የሚቀላበት ጥግ ሌላው ላይ። መሃል ላይ ቆሞ የነበረው ጅባራ ለሁለት ተሰንጥቋል።

ባንኮኒው ላይ የነበረው ሰውዬ ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ «በዚህ መጠን የሚያነሳ ሰው የለም» አለኝ። ካሳ ብሎ የሰጠኝ አንድ አዲስ ፊልም ነው። የደርሶ መልስ ትኬቱ፣ እስከ ደባርቅ ያለው መኪና፣ የስካውቱ (አብሮ የሚሄደው ጠባቂ) እና የበቅሎው ክፍያ፣ ያ ሁሉ ብርድ በአንድ ፊልም! ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ከዚያ ወዲህ ለማንም ሰጥቼ አላውቅም። ቤቴ ራሴ አጥባለሁ። የቀለም ኔጌቲቭ ነው ብለህ አትፍራ፤ ኬሚካሉን 38 ዲግሪ ላይ ማቆየት ነው ዋናው። ፊልሙ ሲደርቅ በፎቶና በፎቶ መካከል ያለውን ክፍተት መብራት ላይ አይቼ በመቀስ እቆርጣለሁ። ተመልሼ ሄጄ ያነሳሁት ዛሬ ሳሎኔ ውስጥ ከሶፋው በላይ ተሰቅሏል። እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው፤ ኮርቼበታለሁ።

የግድ ለሌላ ሰው የምትሰጥ ከሆነ ፖስታ ላይ መጻፍ አይበቃም። የሚያጥበውን ሰው ራሱን አግኝተህ አናግር። ጥቅልሉን ሳይቆርጥ እንደሚመልስልህ ደረሰኙ ላይ ይጻፍልህ። እምቢ ካለ ፊልምህን ይዘህ ውጣ።