የአጋዘን እግር ለኮት መስቀያ፦ ጨው ይበቃል ወይ?

ጥያቄ፦ የምኖረው በሰሜን ቨርጂኒያ ነው። ባለፈው የአደን ወቅት ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ወጥቼ አንድ ባለ ነጭ ጅራት አጋዘን ገደልሁ። ሥጋው ተበልቶ አልቋል፤ አራቱ እግሮች ግን እስካሁን ፍሪዘር ውስጥ ናቸው። ሰኮናቸውን ወደ ላይ አጥፌና ጣውላ ላይ ደርድሬ የኮት መስቀያ ልሠራባቸው አስቤአለሁ። አገር ቤት ቆዳ ጨው ተነስንሶበት ሲደርቅ አይቻለሁ፤ አደን የለመዱት ባልደረቦቼ ደግሞ ፎርማሊን የተባለውን ማቆያ ኬሚካል በመርፌ መውጋት ይሻላል ይሉኛል። የትኛውን ልከተል?

መልስ፦ ከሁለቱም የሚቀድም ሥራ አለ፤ እርሱም ከቆዳው ሥር ያለውን ማውጣት ነው። የአጋዘን እግር ከጉልበት በታች ሥጋ የለውም ቢባል ያስኬዳል፤ ያለው ቆዳ፣ ጅማትና ቅልጥም ነው። ሽታ የሚያመጣውና ፀጉሩን የሚያረግፈው በጅማቱ ዙሪያ የሚቀረው እርጥበትና በቅልጥሙ ውስጥ ያለው መቅኒ ስለሆነ፣ ከውጭ የተነሰነሰ ጨው እዚያ ድረስ አይዘልቅም። ብራና ፋቂ የፍየሉን ቆዳ ወጥሮ ሥጋና ስቡን አጥርቶ ስለሚፍቀው ነው ያለ መድኃኒት ዘመናት የሚቆየው፤ የእርስዎም ሥራ በመሠረቱ ከዚያ አይለይም። በዚህ ላይ ጨው ውስጡ ያለበት ቆዳ በሐምሌና በነሐሴ ወበቅ ከአየሩ እርጥበት እየሳበ መልሶ ይለሰልሳል።

ፎርማሊን ሥራውን እንደሚሠራ አይካድም። ይሁን እንጂ በውስጡ ያለው ፎርማልዴሃይድ በሰው ላይ ካንሰር የሚያመጣ መሆኑን ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በ2004 እ.ኤ.አ. ወስኗል፤ ለአንድ የኮት መስቀያ ሲባል መኖሪያ ቤት ውስጥ መርፌ ይዞ ከእርሱ ጋር መታገል ተገቢ አይመስለኝም። በምትኩ ከልብስ ማጠቢያ ሳሙናዎች ጎን የሚሸጠውን የቦራክስ ዱቄት ይጠቀሙ፤ እርጥበትን ይመጥጣል፣ ብልና ቆዳ በል ጥንዚዛንም ያርቃል። ቆዳውን አያለፋም፤ ቦታውን ለማይለቅ ዕቃ ግን ማለፋት አያስፈልግም።

ቢላ ከማንሳትዎ በፊት አጋዘኑ የት እንደተገደለ ያስቡ። አጋዘንን የሚያከሳው ገዳይ የአንጎል በሽታ በዌስት ቨርጂኒያ በ2005፣ በቨርጂኒያ ደግሞ በ2009 እ.ኤ.አ. ተገኝቷል፤ በዚህም የተነሳ ብዙ ግዛቶች አጥንቱ ያልወጣ የአጋዘን አካል ከተወሰኑ አካባቢዎች እንዳይወጣ ይከለክላሉ። ወደ ሰው ስለመተላለፉ እስካሁን የተረጋገጠ ነገር የለም፤ ነገር ግን የበሽታው መንስኤ በቅዝቃዜም፣ በቦራክስም፣ በፎርማሊንም አይጠፋም። ስለዚህ የግዛቱን የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ይጠይቁ፤ አጋዘኑ ተመርምሮ በሽታው ከተገኘበት እግሮቹን ይተዉአቸው።

ምርጫው የእኔ ቢሆን የፊቶቹን ሁለት እግሮች አስቀድም ነበር። የኋላ እግሮች ረዘም ቢሉም በመታጠፊያቸው ውስጠኛ ጎን ያለው ዕጢ አጋዘኑ ሽንቱን የሚያፈስበት በመሆኑ ሽታው እጅግ ከባድ ነው፤ እነርሱንም ካሰቡ ከዚያ ዕጢ በታች ይቁረጡ። በአራቱም እግሮች በሁለቱ የሰኮና ጣቶች መካከል ሌላ ትንሽ ዕጢ ስላለ፣ እግሩ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቀስ ብሎ ከቀለጠ በኋላ ጓንት አድርገው ያን ቦታ በሳሙና ደኅና አድርገው ይጠቡት።

ከዚያ ቆዳውን በኋላ በኩል፣ ከተቆረጠበት ጫፍ እስከ ትንንሾቹ የኋላ ሰኮናዎች ድረስ በስል ቢላ ይሰንጥቁትና በስተኋላ የተዘረጉትን ወፋፍራም ጅማቶች ጎትተው ያውጡ። ጅማቶቹ ሲወጡ እግሩ ያለ ብዙ ግፊት ስለሚታጠፍ ይህ ድካም ሁለት ጥቅም አለው። ቅልጥሙን አያውጡት፤ ጫፉን በመጋዝ ከፍተው መቅኒውን በሽቦ ይጥረጉና ውስጡን በሙቅ የሳሙና ውኃ ያጥቡት። እግሩን ግን ከቶ አይቀቅሉት፤ ሰኮናው ተላቆ ይወጣል። ውስጡ ከደረቀ በኋላ ቦራክሱን በአጥንቱና በቆዳው መካከል አጥብቀው ይሙሉ፣ ስንጥቁን በጠንካራ ክር ይስፉ፣ በቀጥተኛ ማዕዘን የተገጠሙ ሁለት እንጨቶች ላይ አጥፈው አስረው ያቆዩት። ፀጉሩን ገና እርጥብ ሳለ ያበጥሩት፤ ከደረቀ በኋላ እንደተኛ ይቀራል። አየር የሚዘዋወርበት ክፍል ውስጥ ለመድረቅ እንደ ሙቀቱ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይፈጃል። ምድጃ ወይም ማሞቂያ አጠገብ ማኖር ቆዳውን ይሰነጥቃል። ቦራክስ ሲዋጥ ስለሚጎዳ እስኪደርቅ ድረስ ከልጆችና ከውሻ ያርቁት።

ሲደርቅ ሰኮናውን በስሱ ዘይት ይቀቡ። ጣውላው ላይ ሲገጥሙት ግን ክብደቱን ቆዳው እንዲሸከም አያድርጉ፤ በቅልጥሙ ክፍት ጫፍ ረዥም ብሎን አስገብተው በኢፖክሲ ማጣበቂያ ያጣብቁ፣ ብሎኑም ጣውላውን አልፎ ከጀርባ በዳዶ ይታሰር፤ ዝናብ የጠጣ የክረምት ካፖርት ከሚታሰበው በላይ ይከብዳልና።