ሜዳው ይክበድ ወይስ ተመልካቹ ይደሰት? የጎልፍ ጥያቄና መልስ ለድሬና ለሐረር ተከታታዮች

ጥያቄ (ከዚራ)፦ አቦ፣ አንዳንዱ ሳምንት አሸናፊው ከፓር (ጥሩ ተጫዋች ሜዳውን ይጨርስበታል ከሚባለው የምት ቁጥር) 20 በታች ይገባል። ዩኤስ ኦፕን (ከአራቱ ታላላቅ ውድድሮች አንዱ) ላይ ግን ፓር መምታት ራሱ ብርቅ ነው። ተጫዋቾቹ ያው አይደሉም እንዴ?

መልስ፦ ያው ናቸው፤ የሚለየው ሜዳውና የአዘጋጁ እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ዩኤስ ኦፕን ኤሪን ሂልስ በተባለ ሜዳ ላይ ሲካሄድ ፌርዌዩ (ከመነሻው ወደ ጉድጓዱ የሚወስደው የታጨደ መንገድ) ሰፊ ነበር፣ ዝናብም ግሪኑን (ጉድጓዱ ያለበትን በጣም አጭር ሣር) አለስልሶት ነበር፤ ብሩክስ ኬፕካ ከፓር 16 በታች ገብቶ አሸነፈ። በዓመቱ ሺነኮክ ሂልስ በተባለው ሜዳ ላይ ዋንጫውን ሲደግመው ከፓር 1 በላይ ነበር። ሰውዬው አልደከመም። አዘጋጁ በእጁ ያለው የራፉ (ከፌርዌዩ ውጭ ያለው ረጅም ሣር) ቁመት፣ የፌርዌዩ ስፋት፣ የግሪኑ ፍጥነትና ድርቀት፣ የባንዲራው (ጉድጓዱ ያለበት) ቦታና የመነሻው ርቀት ነው። ነፋሱን ግን ማንም አያዝዘውም።

ጥያቄ (ሳቢያን)፦ የግሪን ፍጥነት በምን ይለካል?

መልስ፦ በስቲምፕሜትር። 91 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ቦይ ያለው የአሉሚኒየም ዘንግ ነው። ኳሷ ከላይኛው ጫፍ አጠገብ ባለች ስርጉድ ላይ ትቀመጣለች፤ ዘንጉ ቀስ ብሎ ሲነሳ 20 ዲግሪ አካባቢ ላይ ራሷ ትለቃለች። ለጥ ያለ ቦታ ይመረጥና ሦስት ጊዜ ወዲህ፣ ሦስት ጊዜ ወዲያ ተለቅቆ የተንከባለለችበት ርቀት አማካይ ይያዛል። በተራ ክለብ ከ2.4 እስከ 3 ሜትር፣ በባለሙያዎች ውድድር ከ3.4 እስከ 4 ሜትር ይደርሳል። ችግሩ ፍጥነት ብቻውን አይሄድም። የግሪኑ ፍጥነት 4 ሜትር ሲደርስ፣ ከ3 በመቶ በላይ ያዘነበለ ቦታ ላይ ኳስ አልቆም ማለት ትጀምራለች። ስለዚህ ፍጥነት በተጨመረ ቁጥር ባንዲራ የሚተከልበት ቦታ ያልቃል። ለዝግተኛ ሣር የተሠሩ የድሮ ግሪኖች ላይ ደግሞ ይብሳል።

ጥያቄ (ሐረር፣ ሸንኮር)፦ ሺነኮክ ላይ በጨዋታ መሀል ግሪን አጠጡ የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፤ በ2004 ዩኤስ ኦፕን የመጨረሻ ቀን፣ እሁድ ዕለት፣ ሰባተኛው ጉድጓድ ላይ። ግሪኑ ተዳፋት ነው፤ ፀሐይና ነፋስ አደረቁት፤ በደንብ የተመታ ኳስም አልቆም አለ። ጥቂት ተጫዋቾች ካለፉ በኋላ በቡድኖች መሀል ውሃ ይረጭ ጀመር። ጥፋቱ ክብደቱ ብቻ አይደለም፤ የቀደመውና የዘገየው አንድ ሜዳ አለመጫወታቸው ነው። በ2018ም ቅዳሜ ከሰዓት ነፋሱ ከተጠበቀው በረታና ይኸው ነገር እዚያው ተደገመ፦ ጠዋት በ66 ምት የጨረሱት ቶኒ ፊናውና ዳንኤል በርገር ከ45ኛ ደረጃ ተነስተው እሁድ የመጨረሻው ጥንድ ሆኑ። የደረቀ ሣር በዓይን ሲታወቅ ብዙ ጊዜ ረፍዷል። ስለዚህ የአፈሩ እርጥበት ጠዋትም ቀትርም ይለካል፤ ነፋስ ከተተነበየ ግሪኑን ማጨዱና በሮለር መዳመጡ ይቀራል፤ ባንዲራውም ለጥ ወዳለው ቦታ ይሳባል።

ጥያቄ (ጀጎል)፦ ታዲያ ተመልካች የሚወደው በርዲ (ጉድጓዱን ከፓር በአንድ ምት አሳንሶ መጨረስ) ብቻ ነው?

መልስ፦ አይመስለኝም። የሚወደው ተጫዋቹ ሲያመነታ ማየት ነው። ሶግራስ በተባለው የአሜሪካ ሜዳ 17ኛው ጉድጓድ 125 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ለባለሙያ ቀላል ምት ነው፤ ግን ግሪኑ በውሃ ተከቧል፣ ማምለጫ የለም። የማስተርስ ውድድር ሜዳ የሆነው ኦገስታ 13ኛውን ጉድጓድ በ2023 ከ510 ወደ 545 ያርድ ያራዘመው ጅረቱን አሻግሮ ግሪን ላይ የሚያደርሰው ሁለተኛው ምት እንደገና እንዲያሳስብ ነው። ይህም ልክ አለው፦ ከመጠን በላይ ከራቀ ሁሉም አጭር መትቶ ይጠብቃል፣ ድራማውም ያበቃል። ራፍም እንዲሁ ነው። በ2025 ዩኤስ ኦፕን፣ ኦክሞንት ሜዳ ላይ ቁመቱ 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር፤ ከፓር በታች የጨረሰው አሸናፊው ጄ.ጄ. ስፖን ብቻ ነው፣ ያውም በ1 ምት። ፈተናነቱ አይካድም፤ ግን ሁሉም ከሣሩ ውስጥ ወደ ጎን እየቆፈረ ሲወጣ ማየት ያሰለቻል። ከፌርዌዩ ሲርቁ ቀስ በቀስ የሚረዝም ራፍ ይሻላል፤ ትንሽ የሳተ ትንሽ፣ ብዙ የሳተ ብዙ ይቀጣል።

ጥያቄ (ገንደ ቆሬ)፦ እኛ ሣር የለንም፣ ውሃም ውድ ነው። ትንሽ ውድድር ብናስብስ?

መልስ፦ የአሸዋ ግሪን ሥሩ፤ በደረቅ አገሮች የታወቀ ነው። 10 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቦታ ደልድላችሁ ጠቅጥቁ፤ በወንፊት የተነፋ አሸዋ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል አልብሱት። የጉድጓዱ አፍ 10.8 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ ቢያንስ 10 ይሁን። ኳሷን ከመግፋታችሁ በፊት ከኳሷ እስከ ጉድጓዱ በጠፍጣፋ ጣውላ አንድ ጊዜ ጥረጉ፤ አለዚያ የእግር ዱካ ውጤቱን ይወስናል። አሸዋው እንዳይበን ብላችሁ የተቃጠለ የሞተር ዘይት አታፍስሱ፤ አፈር ይበክላል። እዚህ ግሪኑን ማፍጠን ስለማይቻል ፈተናውን በመንገድ ምርጫ አምጡት፦ አንዱ ጉድጓድ 90 ሜትር፣ ሌላው 230 ሜትር ይሁን፤ በረጅሙ ላይ በቀጥታ የሚመታ ሰው ኳሷን ደረቅ ቦይ ያሻግር፣ የሚጠነቀቅ ደግሞ ዞሮ ይድረስ። ክረምት ላይ ግን ደቻቱ ወንዝ ውስጥ እንዳትገቡ፤ ድሬ ላይ ሳይዘንብም ከደጋው ጎርፍ ይወርዳል። ጠዋት 1 ሰዓት ጀምሩ፤ ፀሐዩ ሳይጠና ጨርሱ።