ሆርሞን የሌለው የሴቶች የእርግዝና መከላከያ፦ ሲስተርን ጠይቁ

ሲስተር፦ እሺ እህቶች፣ ዛሬ ዲያፍራም፣ የሴት ኮንዶምና የወንድ ዘር የሚገድለው ጄል ብቻ ነው ርዕሳችን። ክኒንና መርፌ ሌላ ቀን። አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ዲያፍራም ከኤችአይቪ አያድንም።

ማርታ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ሲስተርዬ፣ ሐኪሜ ዲያፍራም አዘዘችልኝ። አጠቃቀሙ ግራ ገባኝ።

ሲስተር፦ ጎሽ፣ ይሄ ነው ጥያቄ! ዲያፍራም የማህፀን በርን የሚሸፍን ለስላሳ የሲሊኮን ክዳን ነው። ብቻውን አይበቃም፤ ውስጡን ጄል ቀቢው። ቁጢጥ በይና ጠርዙን አጣጥፈሽ ወደ ውስጥ፣ ወደ ኋላ ግፊው። ከዚያ በጣትሽ ዳስሺ። የማህፀን በር እንደ አፍንጫ ጫፍ ጠንከር ይላል፤ እሱ ከተሸፈነ ቦታውን ይዟል። ብዙዎች የሚሳሳቱት ሲያወጡት ነው። ከግንኙነት በኋላ ቢያንስ 6 ሰዓት ይቆይ፣ ከገባ ጀምሮ ግን 24 ሰዓት አይለፈው። በመሃል ከደገማችሁ ሳታወጪው ጄል ጨምሪ፤ 6 ሰዓቱም እንደገና ይቆጠራል። ከወለድሽ ልክሽ ሊቀየር ስለሚችል እንደገና ተለኪ።

ሜሪ፦ 6 ሰዓት ማለት እኩለ ሌሊት ላይ ላውጣው?

ሲስተር፦ ኧረ በፈጠረሽ! ስድስት ሰዓት ሙሉ ይቆይ ነው ያልኩት።

ትዕግስት፦ የትኛው ይሻላል?

ሲስተር፦ ለማን? ወልደሻል? ባልሽ ተመርምሯል? እንዲህ በጅምላ አልመልስም።

ሄለን፦ የሴቷንም የወንዱንም ኮንዶም አብረን ብናደርግስ?

ሲስተር፦ አይሆንም። ይፋተጉና ይቀደዳሉ።

ራሄል፦ በቁጥር ንገሪን እስቲ።

ሲስተር፦ ሰው በተለምዶ እንደሚጠቀመው ከሆነ፣ ከ100 ሴቶች በዓመት 21 ያህሉ በሴት ኮንዶም፣ 17 ያህሉ በዲያፍራም ያረግዛሉ። የሴት ኮንዶም ሁልጊዜ በትክክል ከተደረገ ወደ 5 ይወርዳል።

ቤቲ (ሪያድ)፦ ምን አደከመን፣ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕ አለ አይደል! ሆርሞን የለውም።

ሰናይት፦ አለው እንጂ! የእህቴ ሆርሞን ነበረው።

ቤቲ፦ የኔ መዳብ ነው። ምን አገባኝ በእህትሽ?

ሲስተር፦ ሁለቱም ዓይነት አለ፤ የመዳቡ ሆርሞን የለውም። ወደ ርዕሳችን።

ፀሐይ፦ ጄሉን ብቻውን በየቀኑስ?

ሲስተር፦ ተይው። ብቻውን ደካማ ነው። ኖኖክሲኖል 9 የሚባለው ዘር ገዳይ ኬሚካል ያለበት ጄል ሲደጋገም ደግሞ ብልትን ያቆስላል፤ ቁስል ለኤችአይቪ በር ይከፍታል።

ሜሪ፦ ሎሚስ?

ሲስተር፦ ሎሚም ኮካም አይሠሩም። ያቃጥላሉ እንጂ።

ሊያ፦ አሁን ገባሁ። ዲያፍራም ኤችአይቪ ይከላከላል?

ሲስተር፦ አይከላከልም! ከላይ አንብቢ።

ስሜ ይቆይ (አዲስ አበባ)፦ ሲስተር፣ ትናንት ማታ የሴት ኮንዶሙ ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ ገባ። ልጅ አሁን አልፈልግም። ሆርሞንም አልወድም።

ሲስተር፦ ለአንድ ቀን የሆርሞኑን ጥላቻ እርሺው። የድንገተኛውን የእርግዝና መከላከያ ክኒን ፋርማሲ ጠይቂ፤ እስከ 72 ሰዓት ይወሰዳል፣ በቶሎ ሲሆን ይበልጥ ይሠራል። ጭራሽ ካልፈለግሽ የመዳቡ ሉፕ በ5 ቀን ውስጥ ሊገባልሽ ይችላል፤ የቤተሰብ መምሪያ ክሊኒክ ጠይቂ። የሰውየውን ሁኔታ ካላወቅሽ ስለ ኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒቱም ዛሬውኑ አማክሪ፤ እሱም ከ72 ሰዓት ካለፈ አይሰጥም። አሁን ስልክሽን ዘግተሽ ሂጂ።