«ቤት ነው የተጎዳሁት» የሚል ወረቀት ፈርሜያለሁ፣ አለቀልኝ ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። እዚህ አሜሪካ ዌርሀውስ ውስጥ በሰዓት እየተከፈለኝ ነው የምሰራው። ከሶስት ሳምንት በፊት ፓሌት ስስብ ጣቴ ተጨፈለቀ፣ ጓንቴ ደም በደም ሆነ። ሱፐርቫይዘሬ መጀመሪያ ያለኝ «ክሎክ አውት አድርጊና ክሊኒክ እንሂድ» ነው፣ የስራ ሰዓትሽን መዝግበሽ ውጪ ማለቱ ነው። በራሱ መኪና ወሰደኝ፣ ሐኪሙ ጋም አብሮኝ ገብቶ መሰፋቱ የግድ ነው ወይ እያለ ሲከራከር ነበር፣ በመጨረሻ በፕላስተር አጣብቀው ሸኙኝ። በማግስቱ ኤችአሮች (የሰራተኛ አስተዳደር ክፍሎቹ) ፈርሚ ያሉኝን ወረቀት ፈረምኩ፣ እንግሊዝኛዬ ያን ያህል አይደለም፣ በኋላ የእህቴ ልጅ ስታነብልኝ ቤት ነው የተጎዳሁት ይላል። ጣቴ እስካሁን አይታጠፍም፣ ክሊኒክ የቆየሁበት 3 ሰዓትም ፔይቼኬ ላይ የለም። ብናገር ያባርሩኛል ብዬ ፈራሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ እግዜር ይማርሽ። አላለቀልሽም። ፊርማሽ ነገሩን ያከብደዋል እንጂ አይዘጋውም፣ ደግሞ የሚገርመው የሱፐርቫይዘርሽ ብልጠት ራሱ ነው የሚረዳሽ። ቤትሽ ተጎድተሽ ቢሆን ሺፍት መሀል ክሎክ አውት አድርገሽ በሱ መኪና ክሊኒክ ምን ልትሰሪ ሄድሽ? ክሎክ አውት ያደረግሽበት ደቂቃና ክሊኒኩ የመዘገበሽ ሰዓት ጎን ለጎን ሲቀመጡ ያ ወረቀት ምን ሊል ነው። ስለዚህ ክሊኒኩ ሄደሽ የዛን ቀን ካርድሽን ኮፒ ጠይቂ፣ መብትሽ ነው፣ እንዴት እንደተጎዳሽ የነገርሻቸው መጻፉን እዪ። ጓንቱን ካልጣልሽው አስቀምጪው።

ስፌቱ ላይ የተከራከረው ለምን ይሆን? የሰው ልብ አላውቅም፣ ግን በኦሻ (የአሜሪካ መንግስት የስራ ደህንነት መስሪያ ቤት) ደንብ የስራ ላይ ቁስል ከተሰፋ ድርጅቱ የጉዳት መዝገቡ ላይ ማስፈር አለበት፣ በፕላስተር ብቻ ከተጣበቀ «የመጀመሪያ እርዳታ» ተብሎ ይታለፋል። በጣትሽ ምክንያት እረፍት ከታዘዘልሽ ወይ ቀላል ስራ ላይ ካዞሩሽ ግን ያኔም መመዝገብ አለበት።

ወርከርስ ኮምፕ፣ ማለትም ስራ ላይ ለተጎዳ ሰራተኛ ህክምናና ካሳ የሚከፍለው ኢንሹራንስ፣ ሌላ ነገር ነው፣ መዝገቡ ላይ ባትኖሪም ልትጠይቂ ትችያለሽ፣ ጥፋቱ ያንቺ ቢሆን እንኳ። ህጉ በየስቴቱ ይለያያል፣ በ30 ቀን ውስጥ ለአሰሪ አሳውቂ የሚል ስቴት ስላለ አንቺ ደግሞ ሶስት ሳምንት ስለሆነሽ ዛሬውኑ በኢሜይል ወይ በቴክስት ላኪ፣ በቃል አይሆንም፦ «በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት ስራ ላይ ጣቴ ተጎዳ፣ ወረቀቱን የፈረምኩት ሳይገባኝ ነው።» ቴክሳስ ከሆንሽ አሰሪሽ ኮምፕ እንዳለው አስቀድመሽ አጣሪ፣ እዛ የግል ድርጅት አይገደድም።

3 ሰዓቱ ያንቺው ነው። በስራ ሰዓትሽ አሰሪሽ ልኮሽ የታከምሽበት ጊዜ በፌደራል ደንብ እንደ ስራ ይቆጠራል፣ ክሎክ አውት አስደረገሽም አላስደረገሽም። ለሌበር ዲፓርትመንት ለማመልከት 2 ዓመት አለሽ፣ ሆን ብለው ካደረጉት 3። ትንሽ ነው ብለሽ አትተዪው፣ ዎልማርት እኮ ያልተከፈለ ሰዓትና የተነፈገ እረፍት የሚሉ 63 ክሶችን ለመዝጋት በ2008 እስከ 640 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል፣ እዛ ውስጥ የብዙ ሰው 3 ሰዓት አለበት።

ማባረሩን በተመለከተ፣ ጉዳት ስላሳወቅሽ ቢያባርሩሽ ወይ ሰዓትሽን ቢቀንሱብሽ ህገወጥ ነው። ለኦሻ አቤት የምትዪው ግን ያንን ካደረጉ በ30 ቀን ውስጥ ነው፣ በጣም አጭር ነው፣ ብዙ ሰው የሚያመልጠውም እዚህ ጋ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ማን ምን እንዳለሽ ከነቀኑ ደብተር ላይ ጻፊ፣ በአማርኛም ቢሆን።