ለአዘዞው ወንድማችን፦ የአየር ጦሩ ላይ ባር አትጨምር፣ ውሃውን ከበርሜሉ አስወጣ

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። ጥያቄህን ላላዩት ባጭሩ ልድገመው። አንድ ደንበኛ ከጅቡቲ ያመጣውን በአየር ግፊት የሚሠራ የዓሣ ጦር (ውሃ ውስጥ ዓሣ የሚተኮስበት መሣሪያ) ቶርኖ ቤትህ አስቀምጦልሃል። 20 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ሞልተኸው ሲያድር 12 ይሆናል፤ ባለቤቱም ጦሩ ደክሟል ይላል። «ቫልቩን ቀይሬ 40 ባር ብሞላው ይጠነክራል ወይ? ጎርጎራ፣ ጣና ዳር ወርደን ብንሞክረውስ?» ነው ያልኸው። የበርሜሉ (ፒስተኑ የሚሮጥበት ውስጠኛ ቱቦ) ውስጥ 13 ሚሊ ሜትር፣ የሚወረወረው ዘንግ (እርሱንም ጦሩ እለዋለሁ) 7፣ የፒስተኑ ጉዞ 80 ሳንቲ ሜትር፣ አየሩ የሚታመቅበት የውጭው ቱቦ ውስጡ 38 መሆኑን ለክተህ መጻፍህ ትልቅ ነገር ነው፤ በግምት ሳይሆን በቁጥር መነጋገር እንችላለን።

40 ባሩን ተወው። 13 ሚሊ ሜትር በርሜል 1.33 ካሬ ሳንቲ ሜትር ፊት አለው። በ20 ባር ፒስተኑን የሚገፋው ኃይል ወደ 27 ኪሎ ይመጣል፤ በ40 ባር 54 ኪሎ ይሆናል። ያን ጦር ወደ ውስጥ ገፍቶ የሚያጎርሰው ሰው ደግሞ ባህር ላይ እየተንሳፈፈ ነው። ከዚህ የባሰው አፈሙዙ ላይ ያለው ጭነት ነው፦ አየሩ የሚገፋው የበርሜሉን ስፋት ብቻ ሳይሆን የውጭውን ቱቦ ሙሉ ስፋት ነው፤ በ20 ባር 230 ኪሎ ገደማ፣ በ40 ባር 460። ይህን ሁሉ የሚይዘው በጨው ውሃ የኖረ የአሉሚኒየም ጥርስ ነው። አካሉ ላይ ወይም መመሪያው ላይ የተጻፈውን ጣሪያ አትለፍ። ጥቅሙም ያን ያህል አይደለም፤ ግፊቱን እጥፍ ብታደርገው የጦሩ ፍጥነት ቢበዛ በ1.4 እጥፍ ያድጋል፣ የውሃው ተቃውሞ ግን በፍጥነቱ ካሬ ስለሚጨምር እጥፍ ይሆናል። ትርፉ እጅ ላይ የሚመለስ ንዝረትና ዒላማ መሳት ነው።

ጉልበቱ የሚጠፋው ሌላ ቦታ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ጦር ጎርሶ ሲቀመጥ ከፒስተኑ ፊት ያለው በርሜል ውሃ ይሞላል። በ13 ሚሊ ሜትር በርሜልና በ7 ሚሊ ሜትር ጦር መካከል ያለው ክፍተት በ80 ሳንቲ ሜትር ርዝመት 75 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ አንድ የቡና ሲኒ ውሃ ማለት ነው። ጦሩ ራሱ 300 ግራም አካባቢ ይመዝናል። ቃታው ሲሳብ ፒስተኑ ጦሩን ብቻ አይደለም የሚገፋው፤ ያን ሲኒ ውሃ በአፈሙዙ ጠባብ ቀዳዳዎች በቅጽበት ጨምቆ ማስወጣት አለበት። ደካማ ነው የሚባለው ጦር በአብዛኛው የሚደክመው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አየር ማፍሰሱን አቁም፣ ቀጥሎ ውሃውን ከበርሜሉ አስወጣ፤ ከዚያ በኋላ 20 ባር ይበቃሃል።

ከመፍታትህ በፊት አየሩን ጨርሰህ ልቀቅ። ጦሩ ወጥቶ፣ አፈሙዙ ወደ ሰው ሳይዞር፣ ከኋላ ያለውን የመሙያ ቫልቭ በቀጭን ዘንግ እየቆራረጥህ ተጫነው፤ ዘይት እየረጨ ስለሚወጣ ጨርቅ ሸፍንበት፣ መነጽርም አድርግ። ድምፁ ሲጠፋ ጥቂት ቆይተህ ደግመህ ተጫን። አፈሙዙን መፍታት ስትጀምር ጥርሱ ያለወትሮው ከጠነከረብህ ቁም፤ ውስጡ 5 ባር ብቻ ቢቀር እንኳ 57 ኪሎ እየገፋው ነው፣ የመጨረሻው ጥርስ ሲለቅ እንደ ጥይት ይወጣል። ሞርሳ ላይ የምታስረው እጀታውን ሳይሆን ቱቦውን በእንጨት ማቀፊያ ነው፤ ቀጭን አሉሚኒየም ከተጨመቀ ክብነቱ አይመለስም።

አየሩ የት እንደሚያመልጥ ለማወቅ 10 ባር ሞልተህ ገንዳ ውስጥ አስጠልቀው። አረፋው ከቃታው ፒን ከወጣ እዚያ ያለችው ትንሽ ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) ናት፤ ከኋላ ከወጣ የቫልቩ መቀመጫ ላይ ቅንጣት አሸዋ ወይም ጨው ተቀምጧል፤ አጥቦ መመለስ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ከአፈሙዙ ከወጣ ግን ፒስተኑ ነው፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውል። ሳይጎርስ የሚያፈስ ከሆነ የፒስተኑ ጎማዎች አልቀዋል። ባዶውን ደህና ሆኖ ሲጎርስ ብቻ የሚያፈስ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ ጎማው ላይ አይደለም፤ ፒስተኑ ጎርሶ የሚቆምበት የበርሜሉ ጫፍ ተጭሯል፣ አዲስ ጎማ ብትቀይርለትም ያንኑ ያደርጋል። በርሜሉን ወደ ብርሃን አቅንተህ ተመልከት፤ ረጅም ጭረት ካየህና ጥፍርህን የሚይዝ ከሆነ በብርጭቆ ወረቀት አትድከም፣ በርሜሉ ይቀየር። የማይይዝ ከሆነ 1000 ቁጥር ወረቀት በዘይት ነክረህ፣ በእንጨት ዘንግ ላይ ጠቅልለህ፣ እያዞርህ ወዲያና ወዲህ አስኪደው።

ደግሞም ሞልተህ ወዲያው አትለካ። የእጅ ፓምፑ አየሩን ያሞቀዋል፤ አንድ ሰዓት ቆይቶ ሲቀዘቅዝ የሚወርደው ፍሳሽ አይደለም። ያንተ 8 ባር ግን ፍሳሽ ነው፣ በሙቀት የሚመጣ አይደለም።

ኦሪንጉን በተመለከተ፣ እዚህ ከተማ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ጉዳይ ነው። የመኪና መለዋወጫ ቤት ስትጠይቅ የፍሬን ጎማ ይሰጡሃል፤ ልኩ ገጥሞ ታገኘዋለህ፣ ጥቁር ነው፣ ለስላሳ ነው። ያ ጎማ ግን ብዙውን ጊዜ ኢ.ፒ.ዲ.ኤም የሚባለው ዓይነት ነው፤ የተሠራው ለፍሬን ዘይት ነው እንጂ ለማዕድን ዘይት አይደለም። በጦሩ ውስጥ ያለውን ዘይት እየጠጣ ያብጣል፤ መጀመሪያ ደህና ይመስላል፣ ቆይቶ ፒስተኑ በርሜሉ ውስጥ ይጣበቃል። የምትፈልገው የክሪክና የሃይድሮሊክ ጎማ የሚሸጥበት ቤት ያለውን ኤን.ቢ.አር (ዘይት የሚችል ጎማ)፣ ጥንካሬው 70 የሆነውን ነው። ለ13 ሚሊ ሜትር በርሜል ባለ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 9 ሚሊ ሜትር የውስጥ ስፋት ያለው ቀለበት ይሆናል። በፒስተኑ ላይ ቀለበቱ የሚቀመጥበትን ቦይ የታች ዲያሜትሩን 9.5፣ ስፋቱን 2.7 አድርገህ ቁረጠው። ቀለበቱ 12 በመቶ ያህል ይጨመቃል። ቦዩን ጥልቅ ካደረግኸው አየር ያልፋል፤ ጥልቀቱን ካሳነስኸው ጎማው ይፋጫል፣ ጉልበቱን ይበላብሃል። ቦዩን ጠባብ ማድረግ ደግሞ የባሰ ነው፤ ጎማው ሲጨመቅ የሚሄድበት ጎን ያጣና ይቆረጣል። የቦዩን ጠርዞች ስለታቸውን ስበር፤ ምላጭ ሆኖ የቀረ ጠርዝ ገና ስትገጥመው ጎማውን ይሸርፈዋል፣ ሽራፊውም በዓይን አይታይም።

አዲስ ፒስተን ልትቆርጥ ካሰብህ ከብራስ አትቁረጠው። 45 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ፒስተን ከብራስ 50 ግራም ይሆናል፣ ከአሉሚኒየም 16፣ ከጠንካራው ነጭ አሴታል ፕላስቲክ 8። እያንዳንዱ ግራም ከጦሩ ጋር መፋጠን አለበት፤ መጨረሻ ላይም አፈሙዙን የሚመታው እርሱ ነው። ውጫዊ ዲያሜትሩን ከበርሜሉ በ0.1 ሚሊ ሜትር አሳንሰው። ጭራው ግን የቀድሞው ብረት ይሁን፤ የቃታው ያዥ የሚቆልፈው እርሱን ነው። ያንን ጭራ ወይም ያዡን ቃታው ይለስልስ ብለህ በሞረድ እንዳትነካው። አንድ ጊዜ ማዕዘኑ ከጠፋ ጦሩ ሳይነካ ይተኩሳል።

ወደ ውሃው ጉዳይ እንመለስ። መፍትሔው አፈሙዙን መዝጋት ነው። ገመዱ የሚታሰርበት በጦሩ ላይ የሚንሸራተተው ቀለበት አለ አይደል? እርሱን ከስቴንለስ አዲስ ቁረጠው፤ በውስጡ ጦሩን የሚያቅፍ አንድ ኦሪንግ፣ በውጩ ደግሞ አፈሙዙ ውስጥ እንደ ቡሽ የሚገባ ሌላ ኦሪንግ ይኑረው። የአፈሙዙን የውሃ ማስወጫ ቀዳዳዎች ዝጋ። ፒስተኑ ከፊት ስላለ ሲጀመር በርሜሉ ውስጥ ውሃ የለም ማለት ይቻላል፤ ጦሩን ስትገፋ ከፒስተኑ ፊት የሚፈጠረው ቦታ ባዶ ሆኖ ይቀራል። ሲተኮስ የጦሩ ጭራ ቀለበቱን አንጠልጥሎት ይወጣል። የጦሩ አካል ጭረት ካለበት ውስጠኛው ጎማ አንድ ቀንም አይቆይም፣ ስለዚህ ጦሩን ማንድሪኖ (የቶርኖው መያዣ) ላይ አስረህ አለስልሰው።

ይህ ሥራ ሁለት ነገር ያስከትላል። ፒስተኑን ያለዝበው የነበረው ውሃ ስለሌለ ምቱ ይጠነክራል፤ በአፈሙዙ ውስጥ ያለው ማለዘቢያ ከተሰነጠቀ ወይም ከደረቀ ጥንካሬው 90 በሆነ ፖሊዩሬቴን ይተካ። ሁለተኛው አደገኛ ነው፦ ቡሹ ቀስ ብሎ የሚያፈስ ከሆነ የገባው ውሃ መውጫ አያገኝም፣ ሲተኮስ አፈሙዙን ሊሰነጥቅ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ በ5 ባር ብቻ በውሃ ጋን ውስጥ አጉርሰውና 10 ደቂቃ ቆይ። ከዚያ ጦሩን በሚያጎርሱበት መያዣ አጥብቀህ ይዘህ ቃታውን ሳብና በቀስታ መልሰው፤ በ5 ባር ኃይሉ 7 ኪሎ ስለሆነ እጅ ይችለዋል። በ20 ባር ይህን እንዳትሞክር። ጦሩን ስትነቅል ውሃ ከተከተለው ቡሹ አልያዘም። በደረቅ አየር ላይ ደግሞ በምንም ግፊት ቢሆን አትተኩስ።

አሞላሉ ላይ የመመሪያው ቁጥር አያታልልህ። መመሪያው የተጻፈው ለባህር ጠረፍ ነው፤ እኛ 2,000 ሜትር ከፍታ አካባቢ ነን፣ አየራችን የጠረፉን አራት አምስተኛ ገደማ ብቻ ነው የሚመዝነው። 300 ምት የሚለው እዚህ 380 ይሆናል። ፓምፑ ተበላሽቷል ብለህ እንዳትፈታው። የመጀመሪያውን 8 ባር ከጎሚስታ ኮምፕረሰር ብትሞላው ክንድህ ያርፋል። ከመዝጋትህ በፊት ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሊትር ቀጭን የማዕድን ዘይት ጨምርበት፤ የምግብ ዘይት ግን ቆይቶ ሙጫ ይሆናል።

የበያጅ ኦክሲጅን ሲሊንደር ቅርብ ነው ብለህ ከእርሱ እንዳትሞላ። ወንድሜ፣ ይህን በእግዜር ስም እለምንሃለሁ። ዘይትና ግፊት ያለው ንጹህ ኦክሲጅን ሲገናኙ ክብሪት ሳይፈልጉ ይነዳሉ፣ ቱቦው እጅህ ላይ ይፈነዳል። ቱቦው የተበላሸ መስሎ ከታየህም አትበይደው፤ አሉሚኒየም በብየዳ ሙቀት ጥንካሬውን ያጣል። ልትፈትነው ብትፈልግ በአየር ሳይሆን በፈሳሽ ነው፦ የናፍጣ ኖዝል መሞከሪያው ላይ የ100 ባር ጌጅ አስገብተህ፣ ቱቦውን ያለ አንዳች አየር በዘይት ሞልተህ 45 ባር ድረስ አድርሰውና ጌጁን ለ10 ደቂቃ ተመልከት። በፈሳሽ ከተሰነጠቀ ይንጠባጠባል፣ በአየር ከሆነ ግን ይበታተናል።

ጎርጎራን በተመለከተ፣ አይሆንም። መገጭና ድርማ የሚያመጡት ደለል ጣናን አደፍርሶታል፤ ውሃው ውስጥ ከክንድህ ርቀት ወዲያ አይታይም። ይህ ጦር ደግሞ ከዚያ የሚርቅ ነገር ነው። ከፊትህ ቆሮሶ ዓሣ ይሁን፣ የዓሣ አጥማጅ መረብ ይሁን፣ የሚዋኝ ልጅ ይሁን ሳታውቅ ልትተኩስ ነው። ጉማሬው አለ፣ ቢልሃርዝያው አለ። መሞከሪያ ከፈለግህ አንድ ጥልቅ የውሃ ጋን፣ ከሥሩ አሸዋ የተሞላ ጆንያ፣ ጦሩን ከገመዱ ጋር፣ በ10 ባር፤ ይበቃል።

ለባለቤቱ ስታስረክበው አየሩን አውጥተህ ስጠው፣ በተለይ በአውሮፕላን የሚሄድ ከሆነ። እዚያ ሲሞላው ከ20 አይለፍ፤ እዚህ በ20 ዲግሪ የተሞላ 20 ባር የቀይ ባህር ፀሐይ በጋለ መኪና ውስጥ 60 ዲግሪ ሲያደርሰው ወደ 23 ይጠጋል። አፈሙዙን ከፈታህ በኋላ የበርሜሉን ውስጥ በሦስት ቦታ፣ ከፊት፣ ከመሐልና ከኋላ ለክተህ ላክልን፤ ልዩነቱ ከ0.05 ሚሊ ሜትር ከበለጠ የቦዩን ልክ እንደገና እናሰላዋለን።