ሰባት ዓመት ለመንሁ፤ እምነቴ ጎድሎ ይሆን?

ጥያቄ፦ ትዳር ከመሠረትሁ ሰባት ዓመት ሆኖኛል፤ እግዚአብሔር ግን ልጅ አልሰጠንም። በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቀን ቁልቢ ገብርኤል እየሄድሁ እሳላለሁ። «ለምኑ ይሰጣችኋል» የሚለውን የጌታን ቃል ይዤ ስለምን ኖሬ አሁን ዝያለሁ። በጽዋ ማኅበራችን ያሉ አንዲት እናት «በእምነት ብትለምኚ ኖሮ እስካሁን በተሰጠሽ ነበር» አሉኝ። እውነት እምነቴ ጎድሎ ነው? ስለቱንስ ልተው? ሐኪም ቤት ብሄድ እግዚአብሔርን አለማመን ይሆንብኛል?

መልስ፦ የተከበሩ እኅታችን፣ እኚያ እናት በክፋት እንዳልተናገሩ አምናለሁ፤ ነገር ግን ያሉትን መጽሐፍ ቅዱስ አይደግፈውም። ወንጌላዊው ሉቃስ ስለ ዘካርያስና ስለ ኤልሳቤጥ ሲጽፍ፣ ሁለቱም በእግዚአብሔር ፊት ጻድቃን እንደነበሩና በትእዛዙ ሁሉ ያለ ነቀፋ ይሄዱ እንደነበር አስቀድሞ ከመሰከረ በኋላ ነው ልጅ እንዳልነበራቸው የሚነግረን (ሉቃ. 1፥6-7)። አንባቢው መካንነታቸውን የኃጢአት ወይም የእምነት ጉድለት ምልክት አድርጎ እንዳይቆጥረው አስቀድሞ የዘጋው ይመስለኛል። ቅዱስ ገብርኤል ብሥራቱን ይዞ በመጣ ጊዜም ዘካርያስ ተጠራጥሮ «ይህን በምን አውቃለሁ?» ብሎ ጠየቀ፤ ስለ ጥርጣሬውም ዲዳ ሆነ፤ ዮሐንስ ግን ከመወለድ አልቀረም። የተስፋው ቃል የቆመው በተናገረው በእግዚአብሔር እውነተኛነት እንጂ በሰሚው የእምነት ብርታት አልነበረምና።

አብርሃምንም ይመልከቱት። ከካራን ሲወጣ 75 ዓመቱ ነበር፤ ይስሐቅ ሲወለድለት 100 ዓመት ሞልቶታል። በመካከሉ ከአጋር እስማኤልን የወለደው በ86 ዓመቱ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ እስከ 99 ዓመቱ ያለውን ጊዜ መጽሐፉ አንድም ነገር ሳይተርክ ያልፈዋል። በ99 ዓመቱ ተስፋው ሲታደስለት ደግሞ በግምባሩ ወድቆ በልቡ ሳቀ (ዘፍ. 17፥17)። ሐዋርያው ጳውሎስ የእምነት አባት አድርጎ ያቀረበልን ይህንኑ የሳቀውንና በመንገዱ መካከል የቸኰለውን ሰው ነው። ስለዚህ ልብዎ አንዳንድ ቀን ቢዝል እምነት አጣሁ ብለው አይደምድሙ። ጌታችንም የታመመውን ልጅ አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ስላለ አላባረረውም፤ ልጁን ፈወሰለት እንጂ (ማር. 9፥24)።

ይህን ካልሁ በኋላ ግን ብዙዎቻችን የምንሰናከልበትን ነገር ልነግርዎ ይገባል። እግዚአብሔር ለአብርሃም ወንድ ልጅ እንደሚወልድ ለይቶ ነግሮታል፤ ለእኔና ለእርስዎ ግን በዚህ ዓመት ልጅ፣ በዚያ ዓመት ቤት እሰጣችኋለሁ ብሎ የገባልን ቃል የለም። «ለምኑ ይሰጣችኋል» ያለው ጌታ ራሱ ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ የሰማዩ አባት ለሚለምኑት መልካም ነገርን እንደሚሰጥ ተናገረ (ማቴ. 7፥11)፤ መልካም የሚሆንልንን የሚያውቀውም እርሱ ነው። ሐዋርያው ዮሐንስም «እንደ ፈቃዱ አንዳች ብንለምን ይሰማናል» ብሏል (1ዮሐ. 5፥14)። በስሙ የተሰጡን ተስፋዎች ሌሎች ናቸው፦ ለሚናዘዝ የኃጢአት ስርየት፣ ሥጋውን ለሚበላና ደሙን ለሚጠጣ የዘላለም ሕይወትና በመጨረሻው ቀን ትንሣኤ፣ እስከ ዓለም ፍጻሜ ድረስም «ሁልጊዜ ከእናንተ ጋር ነኝ» የሚለው ቃል። እነዚህን ያለ «ምናልባት» ልንይዛቸው ይገባል። ልጅን ግን እንደ ልመና እናቀርባለን፤ ያለ ማፈር፣ ያለ መሰልቸት፣ መልሱን ለእርሱ በመተው። «በሕልም አይቼልሻለሁ፤ ይህን ያህል ብታመጪ በዚህ ወር ትፀንሻለሽ» የሚል ሰው ቢመጣብዎ፣ እግዚአብሔር ያልተናገረውን በስሙ የሚናገር ነውና ከደጅዎ ይመልሱት።

በሚሄዱበት በታኅሣሥ 19 በዓል የምናስበውን ነገርም ልብ ይበሉ። አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል በናቡከደነፆር ፊት ሲቆሙ፣ አምላካቸው ከሚነድደው እሳት ሊያድናቸው እንደሚችል መሰከሩ፤ ባያድናቸው እንኳ ለወርቁ ምስል እንደማይሰግዱ ጨመሩበት (ዳን. 3፥17-18)። ይህን ሲናገሩ ከእሳቱ እንደሚወጡ የነገራቸው ማንም አልነበረም። ማዳኑን ሳያዩ የታመኑት በራሱ በእግዚአብሔር ነበርና፣ እኛም በዓሉን ስናከብር መዳናቸውን ብቻ ሳይሆን ይህን መታመናቸውንም እናከብራለን።

ስለ ስለቱ፦ ስለት ከእግዚአብሔር ጋር የምንዋዋልበት ንግድ እስካልሆነ ድረስ መልካም ነው። «ይህ ከሆነልኝ» ብለው የተሳሉት ነገር ካልሆነ ዕዳ አይሆንብዎትም፤ ልብዎ ከከበደ ግን ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ። ከሁሉ ይልቅ ልጅ አጥታ የኖረችውን የነቢዩ ሳሙኤልን እናት ሐናን እንዲያስቧት እፈልጋለሁ። በየዓመቱ ወደ ሴሎ ስትወጣ ጣውንቷ ታስቆጣት ነበር፤ እርሷም ታለቅስ ነበር፤ አትበላም ነበር። በቤተ መቅደስ ከንፈሯ ብቻ ሲንቀሳቀስ ያየው ካህኑ ዔሊም የሰከረች መስሎት ገሠጻት። ነፍሷን በእግዚአብሔር ፊት እንዳፈሰሰች ከነገረችውና እርሱም በሰላም ካሰናበታት በኋላ ግን ሄዳ በላች፤ ፊቷም ከዚያ ወዲያ አዘንተኛ አልሆነም (1ሳሙ. 1፥18)። ሳሙኤል ያን ጊዜ ገና አልተፀነሰም። ወደ ቁልቢ ሄደው ሲመለሱ ይህን ይለምኑ፤ በእጅዎ ምንም ሳይይዙም ቢሆን ሸክሙን እዚያው አራግፈው የሚመለሱበትን ልብ። የጉዞው ድካም የሚከብድዎ ከሆነ ደግሞ በአጥቢያዎ ቢጸልዩ የሚጎድልብዎ ነገር የለም።

ሐኪም ቤትን በተመለከተ ከመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 የበለጠ ግልጽ ቃል አያሻንም፤ መድኃኒትን ከምድር ያወጣም፣ ለባለ መድኃኒቱ ጥበብን የሰጠም እግዚአብሔር ነው፤ በሽተኛው እንዲጸልይም፣ ሐኪሙን እንዲያስገባም በአንድነት ያዝዛል። ባለቤትዎም አብረው ይመርመሩ፤ ምክንያቱ ከወንድም ከሴትም ሊሆን ይችላልና፣ ሴቲቱን ብቻ ተጠያቂ የማድረግ ልማዳችን ፍትሕ የጎደለው ነው። ሐኪሞቹ ከመድኃኒት ያለፈ አማራጭ ቢያቀርቡላችሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ስለ ጽንስ ከምታስተምረው ጋር የሚነካካ ጉዳይ ሊኖርበት ስለሚችል፣ ከመወሰናችሁ በፊት ሁለታችሁም ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተመካከሩ።